የውጭ መምህርና የአገር ቤት ምሳሌ፦ ማክሮ ኢኮኖሚክስ ከእንጦጦ ማርያም እስከ ዩቲዩብ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር የምንዛሪ ዋጋ ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያ እንደሚወሰን አስታወቀ። በዚያው ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት ለኢትዮጵያ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በየካፌው፣ በየታክሲው፣ በየቢሮው የሰው ጥያቄ አንድ ነበር፦ አሁን ኑሮ ምን ያህል ይወደዳል?

ይህ ጥያቄ ጠንቋይ የሚጠየቅበት አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚክስ ተማሪ «ማክሮ ኢኮኖሚክስ 1 እና 2» በሚል የሚወስደው፣ በውጭ አገር መካከለኛ ማክሮ ኢኮኖሚክስ የሚባለው ኮርስ ዋና ሥራው ይኸው ነው። የምንዛሪ ለውጥ፣ የወለድ ምጣኔ፣ የመንግሥት ወጪ፣ የዋጋ ግሽበትና ሥራ አጥነት እንዴት እንደሚያያዙ ያስተምራል። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ትምህርቱ ዛሬ በነጻ መገኘቱ ነው። የአሜሪካው ኤምአይቲ የኮርሶቹን ይዘት ለዓለም በነጻ እንደሚለቅ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነበር። ዛሬ እዚያ ሪካርዶ ካባሌሮ የሚያስተምሩት የማክሮ ኢኮኖሚክስ ኮርስ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስከ መጨረሻው በቪዲዮ ተቀርጾ ይታያል። ኮርሱ በስሙ «መሠረታዊ» ቢባልም የሚከተለው የኦሊቪዬ ብላንሻርን መጽሐፍ ነው። ብላንሻር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2015 የዓለም የገንዘብ ድርጅት ዋና ኢኮኖሚስት ነበሩ። በሌላ አነጋገር፣ ከኢትዮጵያ ጋር የሚደራደረው ድርጅት ባለሙያዎች የሚያስቡበትን ቋንቋ የካ ውስጥ ያለ ወጣት በስልኩ መማር ይችላል።

እንዲህ ያለ ዕድል በኢትዮጵያ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ነገር ግን አንድ የሚጎድለው ነገር አለ፤ እሱም የቆየ ታሪክ አለው። እያንዳንዱ ሌክቸር በውስጡ አንድ አገር ይዞ ይመጣል። መምህሩ «ማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ሲጨምር» ሲል በአእምሮው ያለው የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ ነው። «ባለሀብቱ ቦንድ ይሸጣል» ሲል ያንን ቦንድ የሚገዛ ሰፊ ገበያ እንዳለ ቆጥሮ ነው። ሞዴሉ ስህተት አይደለም። ምሳሌውን ግን ተማሪው ከአገሩ ማምጣት አለበት። ምሳሌውን ማን ያመጣዋል የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ቢያንስ የመቶ ዓመት ዕድሜ አለው።

ከእንጦጦ ማርያም የሚጀምር ምሳሌ

ለአንድ የማክሮ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ከእንጦጦ ማርያም የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘውዱ የተጫነው በክፉ ቀን መካከል ነበር። ከጥቂት ጊዜ በፊት በጣሊያኖች በኩል በምጽዋ የገባው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ፈጅቶታል፤ በብዙ ቦታ ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ከሌለ ማሳ አይታረስም፤ ካልታረሰም እህል የለም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለሹማምንቱና ለሕዝቡ ምሳሌ ሆኑ የሚባለው በዚሁ ጊዜ ነው።

ሌክቸሩ ይህን «የአቅርቦት ድንጋጤ» ይለዋል። መምህራኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሱት ምሳሌ እ.ኤ.አ. የ1973ቱን የነዳጅ ዋጋ ንረት ነው። ምርት ይወርዳል፣ ዋጋ ይወጣል፤ ገንዘብ ማብዛትም ሆነ ማሳነስ የጠፋውን ምርት አይመልስም። በሬ የሞተበት ገበሬ ይህን ያለ ግራፍ ያውቀዋል። ግራፉ የሚጨምርለት አንድ ነገር ነው፦ በእንዲህ ያለ ጊዜ መንግሥት ምን ማድረግ ይችል ነበር፣ ምንስ አይችልም ነበር የሚለውን ለይቶ መጠየቅ።

እዚህ ላይ የገንዘቡ ነገር ይመጣል። በዚያ ዘመን ትልቁ መገበያያ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። ይህ ብር በኦስትሪያ ይመታ የነበረ፣ ዓመተ ምሕረቱ 1780 ላይ የቆመ የብር ሳንቲም ነው። ለዝርዝር አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። አሞሌው ከአፋር የጨው ሜዳ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር፤ ወደ ደቡብ በተወረደ መጠን አንድ ብር የሚገዛው አሞሌ ያንሳል። ምኒልክ በስማቸው ፓሪስ ውስጥ ብር አስመትተው 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን የያዘ ሳንቲም ወደ አገር አስገብተው ነበር። ሕዝቡ ግን የለመደውን የማሪያ ቴሬዛን ብር አልተወም።

ይህ ምን ማለት ነው? መንግሥቱ በጦር ሜዳ ነጻ ነበር፤ በገንዘብ ግን አልነበረም። የአገሪቱ ገንዘብ ዋጋ የሚወሰነው በዓለም የብር ማዕድን ገበያ ነበር። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ወደ ወርቅ ስትዞርና ሌሎችም ሲከተሏት ብር በወርቅ አንጻር እየረከሰ ሄደ። ከአውሮፓ የሚገዛ ጨርቅና ጠመንጃ ዋጋው በወርቅ ስለነበር፣ ለእንጦጦ ቤተ መንግሥት ይህ ማንም ያላወጀው የምንዛሪ ማስተካከያ ነበር ማለት ይቻላል። በሌክቸሩ መካከል ላይ የሚገኘው የሙንደልና የፍሌሚንግ ሞዴል ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጠዋል፦ ቋሚ ምንዛሪ፣ ነጻ የገንዘብ ዝውውርና የራስ የገንዘብ ፖሊሲ ሦስቱን በአንድ ላይ መያዝ አይቻልም። የማሪያ ቴሬዛ ብር ባለበት አገር ሦስተኛው ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ምሳሌውን ያመጣው ተማሪ

ከውጭ የተማረውን ከአገሩ ጉዳይ ጋር አጋጥሞ በአማርኛ የጻፈው ትልቁ ሰው ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ነው። በ1878 ዓ.ም. በትግራይ ተወለደ፤ አባቱ በመተማ ጦርነት ከወደቁት አንዱ ነበሩ። በልጅነቱ ከምጽዋ በጀርመን መርከብ ተጉዞ በኦስትሪያ ቤተሰብ እጅ አደገ፤ በጀርመን አገርም ተማረ። ወደ አገሩ ሲመለስ ቤተ መንግሥት አገለገለ፤ በኋላም የባቡሩ ተቆጣጣሪና የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። በ33 ዓመቱ በ1911 ዓ.ም. አረፈ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

የመጽሐፉ መነሻ ቀላል ይመስላል። የአገር ሀብት በሳጥን የተቆለፈ ብር ሳይሆን ዕውቀት የታከለበት ሥራ ነው ይላል። ከዚያ ወደ ከባዱ ነገር ይሄዳል፦ ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ ትርፉ ወደ አዋቂው ያደላል። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር በየዓመቱ የሥራውን ፍሬ እያሳለፈ ይሰጣል። ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር ተቀራራቢ ሐሳብ ይዘው በዓለም የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ነው። ገብረሕይወት ከእነሱ 30 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነበር።

ሐሳቡ ሁሉ ትክክል ነበር አይባልም። ዋናው ቁም ነገር የሠራበት መንገድ ነው። የተማረው ከአውሮፓ ነው፤ የጻፈው ግን ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ፣ ስለ ጉምሩክ፣ ስለ ባቡርና ስለ ንግድ ነው። የጻፈበት ቋንቋም አማርኛ ነው። ነጋድራስ ስለነበረ በድሬዳዋ የሚያልፈውን ዕቃ በዓይኑ ያየዋል። መምህሩ የውጭ፣ ምሳሌው የአገር ቤት ነበር።

ባንኩ ከነገዢው ሲመጣ

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው በተቃራኒው ሄደ። ዕውቀቱ ከነሰውየው ይመጣ ጀመር። የካቲት 1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ የተቋቋመው ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት ነበር፤ ገንዘብ የማተም መብቱም የእሱ ነበር። በ1923 ዓ.ም. ባንኩ ፈርሶ በመንግሥት የሚመራ የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመንግሥት ባንክ ተቋቋመ፤ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በወጣው አዲስ የኢትዮጵያ ብር ላይ ግን ፊርማው የአሜሪካዊው ገዢ የጆርጅ ብላወርስ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ራሱን ችሎ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መሪው ኢትዮጵያዊው ምናሴ ለማ ሆኑ።

ይህን የዘመን ቅደም ተከተል ከትምህርቱ ታሪክ ጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። ኬንስ ማክሮ ኢኮኖሚክስን የወለደውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1936 ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሒክስ በቀጣዩ ዓመት አይኤስ-ኤልኤም የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ ኢትዮጵያውያን በአርበኝነትና በስደት ላይ ነበሩ። ሙንደልና ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1963 ጽሑፎቻቸውን ሲያወጡ ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነበራት። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ጀምሮ ነበርና፣ ከእንጦጦ ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርደው መንገድ ዳር ትምህርቱ ሥር ሰደደ።

በቴሌቪዥን የሚያስተምሩ ታላላቅ ኢኮኖሚስቶችም የዩቲዩብ ፈጠራ አይደሉም። ጆን ኬኔት ጋልብሬይዝ እ.ኤ.አ. በ1977 በቢቢሲ፣ ሚልተን ፍሪድማን በ1980 በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ተከታታይ ፕሮግራም አቅርበው ሚሊዮኖችን አከራክረዋል። በእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ ይሰጥ የነበረው የማርክስና የሌኒን ፖለቲካል ኢኮኖሚ ነበር። ዶላርም በ2.07 ብር ቆሞ ነበር። ምንዛሪው ከእውነታው እየራቀ ሲሄድ ይህን በአደባባይ የሚያከራክር ትምህርት አልነበረም። ማስተካከያው የመጣው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በመስከረም 1985 ዓ.ም. ነው፤ ዶላር በአንድ ጊዜ ከ2.07 ወደ 5 ብር ወጣ።

ከፕላዝማው የተገኘ ትምህርት

በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በተቀረጸ ትምህርት ላይ ትልቅ ሙከራ ጀመረች። በደቡብ አፍሪካ የተቀረጹ ትምህርቶች በሳተላይት በመላው አገሪቱ ወደሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይተላለፉ ጀመር። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ «የፕላዝማ መምህሩን» ያስታውሰዋል። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ተማሪው መለሰም አልመለሰም ወደሚቀጥለው ያልፋል። ክፍል ውስጥ ያለው መምህር በራሱ ክፍል ረዳት ሆነ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይጠፋል፤ ሲመጣ ግን ካቆመበት አይቀጥልም።

ከፕላዝማው ያገኘነው ትምህርት የተቀረጸ ነገር አይረባም የሚል መሆን የለበትም። ብዙ የገጠር ተማሪ ጥሩ የተዘጋጀ የፊዚክስ ሙከራ ያየው በዚያ ነው። ችግሩ ሁለት ነበር፦ ቪዲዮው አይቆምም፣ ምሳሌውን ወደ አካባቢው የሚመልሰው መምህርም ጊዜ አልተሰጠውም። የዩቲዩብ ሌክቸር የመጀመሪያውን ችግር ፈትቶታል። ተማሪው ያቆማል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ ያያል፤ አንዱ ያወረደውንም ለሌላው በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ያስተላልፋል። ሁለተኛው ችግር ግን ባለበት ነው።

ሌክቸሩ የማይነግረው

ለምሳሌ የወለድ ምጣኔን እንውሰድ። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ላይ ወደተመሠረተ ሥርዓት አዙሮ መነሻ ምጣኔውን 15 በመቶ አደረገ። ሌክቸሩን ያየ ተማሪ የሚቀጥለውን ያውቃል፦ ወለድ ሲጨምር ብድር ይቀንሳል፣ ኢንቨስትመንት ይቀዘቅዛል፣ ግሽበት ይወርዳል። ይህ ሰንሰለት በኢትዮጵያ የት ጋ ይላላል የሚለው ግን በቪዲዮው ውስጥ የለም። ከባንክ የሚበደረው ሕዝብ ጥቂት ነው። የባንክ ሥርዓቱ ትልቁ ድርሻ በአንድ የመንግሥት ባንክ እጅ ነው። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ቁልቁል የምትወርድ እናት ኑሮዋ በእህል ዋጋ ይናወጣል፤ የባንክ ወለድ ምጣኔ ግን በቀጥታ አይደርስባትም።

ወይም የ27 በመቶውን መመሪያ እንመልከት። ከ2003 ዓ.ም. እስከ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የግል ባንኮች ካበደሩት አዲስ ብድር 27 በመቶ ያህሉን በዝቅተኛ ወለድ የብሔራዊ ባንክ ቦንድ እንዲገዙበት ይገደዱ ነበር። በመማሪያ መጽሐፉ የመንግሥት ወጪ የግሉን ዘርፍ የሚገፋው በወለድ መጨመር በኩል ነው። እዚህ ግን ወለዱ ሳይንቀሳቀስ መግፋቱ በመመሪያ ሆነ። ኤልኤም የሚባለውን መስመር ብቻ የሚያይ ተማሪ ይህን አያየውም። መስመሩን የተማረ ተማሪ ግን ምን እንደጎደለ ለይቶ መናገር ይችላል። የሞዴሉ ጥቅም ይህ ነው፤ አገሩ ከሞዴሉ የሚለይበትን ቦታ ያሳያል።

ወደ መነሻው ጥያቄ ስንመለስም እንዲሁ ነው። ዶላር በእጥፍ ሲወደድ ዋጋ ሁሉ በእጥፍ ይጨምራል? ሌክቸሩ «የተላለፈው መጠን» የሚለውን ሐሳብ ይሰጣል፦ የምንዛሪ ለውጡ ስንት በመቶ ወደ ዕቃ ዋጋ አለፈ? መልሱን የሚወስነው ግን የአገሩ ሁኔታ ነው። በትይዩ ገበያ ዶላር ገዝቶ ዕቃ ያስገባ ነጋዴ ዋጋውን አስቀድሞ በዚያ ሂሳብ አስልቶታል፤ ለእሱ የሐምሌው ውሳኔ ብዙ አዲስ ነገር አልነበረም። ነዳጅ፣ መድኃኒትና ማዳበሪያ ግን በባንክ ምንዛሪ ይገቡ ስለነበር ጭማሪው የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። መንግሥት ለእነዚሁ ዕቃዎች ድጎማ እንደሚያደርግ ያስታወቀውም ለዚህ ነበር። በ1985ቱ ማስተካከያ ጊዜም ትይዩ ገበያው ከባንኩ ቀድሞ ነበር። ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ለአንድ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ የተሟላ የቤት ሥራ ይሆናል። ይህን የቤት ሥራ ከማሳቹሴትስ የሚሰጠው መምህር የለም።

ምሳሌውን ማን ያምጣ?

መሣሪያው በእጅ ነው። የብሔራዊ ባንክ የሩብ ዓመትና የዓመት ሪፖርቶች ለማንም ክፍት ናቸው። በ1980ዎቹ የተመሠረተውና ዋና መሥሪያ ቤቱ ሲኤምሲ አካባቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በየዓመቱ ጉባኤ ያካሂዳል፣ የምርምር መጽሔትም ያሳትማል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በናይሮቢው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ጥምረት የጋራ የማስተርስ ፕሮግራም ሲሳተፍ ኖሯል። በዚያ ፕሮግራም የአፍሪካ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው የየአገራቸውን ምሳሌ ይዘው ይከራከሩ ነበር። ከውጭ የመጣን ሞዴል ከአገር መረጃ ጋር ማጋጠም አዲስ ሙያ አይደለም ማለት ነው። የጎደለው ይህ ክርክር በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች፣ ተቀርጾ፣ ዩኒቨርሲቲ ላልገባውም ሰው መድረሱ ነው።

ጉዳዩ የተማሪዎች ብቻ አይደለም። ምንዛሪን፣ ወለድንና የበጀት ጉድለትን ማንበብ የማይችል ሕዝብ የገንዘብ ፖሊሲን የሚያውቀው በጤፍና በዘይት ዋጋ ብቻ ነው። ዋጋ ከተነገረው በኋላ ደግሞ የሚቀረው ወይ ማመን ወይ መርገም ነው፤ መጠየቅ አይችልም። ከድርጅቱ ጋር የተደረገው ስምምነት ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ የሚለው ክርክር በሁለት ጎራ መፈክር የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነጋድራስ ገብረሕይወት ቪዲዮ አልነበረውም፤ ዩኒቨርሲቲም በአገሩ አልነበረም። የነበረው የተማረው ትምህርት፣ በድሬዳዋ ጉምሩክ በየቀኑ የሚያየው ዕቃና የሚጽፍበት አማርኛ ነው። ዛሬ በየካ አንድ ክፍል ውስጥ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የካባሌሮን ሌክቸር የሚከታተል ወጣት ከእሱ በብዙ ይሻላል። ሌክቸሩ ሲያልቅ ላፕቶፑን ዘግቶ ቢተኛ ስለ አሜሪካ ኢኮኖሚ ጥሩ ዕውቀት ይዟል። ከመተኛቱ በፊት የብሔራዊ ባንክን የመጨረሻ ሪፖርት ከፍቶ ያንኑ ግራፍ በኢትዮጵያ ቁጥር ቢሞክረውና ያገኘውን በአማርኛ ለጓደኞቹ ቢያስረዳ ግን፣ በ1911 ዓ.ም. የተቋረጠውን ሥራ ቀጥሎታል።